እህትማማቾቹ መርከቦችና የእኔ ጆሮ

በዚህ ወደብ መርከብን በጥሩምባዋ ብቻ የሚለይ ሰው ከተፈለገ ፈላጊው ብዙ አይድከም፤ እኔ አለሁ። ዓይኔን በጨርቅ እሰሩት፣ ጀርባዬን አዙሩኝ፣ ካስፈለገም ብርድ ልብስ አከናንቡኝ። አንዲት መርከብ ከሩቅ "ቡዉዉ" ትበል እንጂ የየትኛው ድርጅት እንደሆነች፣ የጫነችው እህል ይሁን መኪና፣ አልፎ ተርፎም ካፒቴኗ ቁርሱን በልቶ እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ትምህርት ቤቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች የለቀቅኩላቸው ያለ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ግፍ ነው።

ጆሮዬ ተቀጥሮ የሚሠራው አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ የመርከብ ስንቅ አቅራቢ ናት። መርከብ እኮ በውሃ ላይ የሚሄድ ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ ሽንኩርት ያልቅበታል፣ እንቁላል ያልቅበታል፣ ሳሙና ያልቅበታል። መልህቁን ጥሎ ተራውን የሚጠብቅ መርከበኛ ዋኝቶ ገበያ አይወጣም። ስለዚህ እኛ በጀልባ እንወስድለታለን። እኛ ስል አክስቴ፣ ባሏና እኔ ነን። ባሏን ወደቡ ሁሉ ጋሽ ዝምታ ይላቸዋል። ጀልባዋን የሚነዱት እሳቸው ናቸው። በቀን የሚናገሩት ቃል በአንድ እጅ ጣት ቢቆጠር ጣት ይተርፋል፤ የቀረውን እኔ እናገርላቸዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን አክስቴ ዕድሜ ልኳን ስትጠብቀው የኖረችው ነገር በእግሩ መጣላት። የመርከብ ወኪሉ ሱቃችን ገቡ። ወኪል ማለት መርከቦች ወደብ ሲደርሱ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ፣ ከሚጠጡት ውሃ እስከ ሐኪማቸው፣ የሚያዝላቸው ሰው ነው። የአንድ ትልቅ ድርጅት መርከቦች በሙሉ በእኚህ ሰውዬ እጅ ናቸው። እስከዚያ ቀን ስንቃቸውን ያቀርብላቸው የነበረው ባለ ሦስት ጀልባው ተፎካካሪያችን ነው። እኛ ያለችን አንዲት ጀልባ ናት፤ እሷንም ጠዋት ጠዋት ያስላታል።

ወኪሉ ከሳጥኑ አንድ ቲማቲም አነሱና አማት ምራቷን እንደምታይ አገላብጠው አዩት።

"ነገ አንድ መርከብ እሰጥሻለሁ" አሏት አክስቴን። "ጉዞዋ ሩቅ ስለሆነ ረፋዱ ላይ መልህቋን ታነሳለች። ሳትነቃነቅ ስንቋ ከደረሰላት የድርጅቱ መርከቦች ሁሉ ያንቺ ናቸው። ካልደረሰላት ግን እኔና አንቺ መንገድ ላይ ሰላም እንባባላለን፣ አለቀ።"

"ይደርሳል" አለች አክስቴ። ድምጿ እንደ ወትሮው ነበር። እጇ ግን የያዘችውን ካሮት ለሁለት ቀነጠሰው።

የተሰጠችን መርከብ "ታናሿ" ነበረች። ድርጅቱ ከአንድ የመርከብ ማምረቻ የወጡ፣ ሁለት ቁርጥ እህትማማች መርከቦች አሉት። ሁለቱም ቀይ ሆድ፣ ነጭ ፎቅ፣ ሰማያዊ ጭስ ማውጫ። የወደቡ ሰው ቀድማ የተሠራችውን ታላቋ፣ ተከታይዋን ታናሿ ይላቸዋል። በዚያ ሳምንት ሁለቱም ከወደቡ ፊት ለፊት መልህቃቸውን ጥለው ነበር። እና ምን ይሁን? እኔ እያለሁ።

በማግስቱ ስንነሳ ባሕሩ የለም። ጉም ውጦታል። ጀልባዋን ያገኘናት በዳበሳ ነው። አክስቴ ሳጥኖቹን ስታሳልፍልን እያንዳንዱን ቲማቲም በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች፣ እንቁላሎቹን እንደ ጨቅላ ልጅ ትይዛለች። ጭነን ስንጨርስ ለሁለታችንም አደራ ሰጠችን፤ ለጋሽ ዝምታ እንቁላሉን፣ ለእኔ አፌን።

ከወደቡ ግንብ ትንሽ እንደራቅን ጋሽ ዝምታ የጀልባዋን ፍጥነት ቀነሱ።

"በሬዲዮ እንጠይቃት" አሉ።

ሬዲዮው መሪው አጠገብ ነው ያለው። መናገሪያው በተጠማዘዘ ገመድ ይንጠለጠል ነበር። ማንጠልጠያው ከተሰበረ ወዲህ ግን እንደ ሥራ ፈት አግዳሚው ላይ ይንከባለላል።

"ምን ብለን ጋሼ? 'እመቤቴ፣ ጠፋሽብን' ብለን? በእሱ የምንለውን ወደቡ በሙሉ ነው የሚሰማው። መርከቦቹ ይሰማሉ፣ ጎታች ጀልባዎቹ ይሰማሉ፣ ወኪሉ ቢሮአቸው ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ገና በመጀመሪያው ቀን መሳቂያ እንሁን?"

ይሄ እውነት ነው። በወደባችን ስንቅ አቅራቢ መርከቡን ያገኛል እንጂ አይጠይቅም። ከዓመታት በፊት አንድ አቅራቢ በሬዲዮ "የት ነሽ?" ብሎ መርከቡን ጠይቆ ነበር። እስከ ዛሬ ስሙ "የት ነሽ" ነው፤ ሚስቱ ሳትቀር በዚያው ነው የምትጠራው።

"በጥሩምባዋ አገኝልዎታለሁ" አልኳቸውና የመንሳፈፊያ ጃኬቱን እንደ ትራስ አንጥፌ አግዳሚው ላይ ዘፍ አልኩ።

ብዙም አልቆየ፣ ከግራ በኩል አንድ ጥሩምባ ተሰማ። በጉም ጊዜ የቆሙ መርከቦች ማንም እንዳይገጫቸው "ቡ፣ ቡዉዉዉ፣ ቡ" ይላሉ።

"ያውልዎ" አልኩ። "ታናሿ ናት። ድምጿ ለስለስ ያለ ነው። ገና ያልተዳረች ልጅ ድምፅ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ጋሼ፣ እኔ ልሳሳት የምችለው ስሞት ነው።"

ወደ ግራ ታጠፍን። ይሄኔ ከቀኝ በኩል ሌላ ጥሩምባ ጮኸ። ቀጥሎ ደግሞ ጮኸ። ከዚያማ ማቆሚያ አጣ፤ ቡ ቡ ቡዉዉ፣ ልክ በሬ እንደገባበት ጓሮ።

"ሰሙልኝ? ታላቋ ናት። ቅናት ነው እኮ። ታላቅ እህት እንዲህ ናት፣ ለታናሿ ቲማቲም ሲሄድ ካየች ጩኸቷን ታቀልጠዋለች። አስተዳደግ የሚባል ነገር አላየችም።"

ጥሩምባው ይበልጥ አበደ። እኔም ይበልጥ ተመቸኝ። የጀልባዋ ሞተር ያስላል፣ ጉሙ ፊቴን ይልሰኛል፣ ጋሽ ዝምታ ዝም ብለዋል። እንዲህ ያለ ጊዜ አንደበቴ ቅባት ይጠጣል።

"ወኪሉንስ ልብ ብለዋቸዋል? ከረባታቸው እምብርታቸው ጋ ሳይደርስ ደክሞት የቀረ ነው። እሳቸውን ለማስደሰት ተብሎ ደግሞ የምናልቀው እኛ። ጠንካራው ለመርከቡ፣ የላላው ለቤት! ሳምንቱን ሙሉ ቁርስ የላላ ቲማቲም፣ ምሳ የተደፈጠጠ ሙዝ፣ ራት የተሰነጠቀ እንቁላል። ትናንት 'እትዬ፣ አንዲት ደህና ብርቱካን ልላጥ' ብላት ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? 'መርከበኛ ነሽ?' አለችኝ።"

"እንቁላሉን በእግርሽ አትንኪው" አሉ ጋሽ ዝምታ።

"አልነካሁትም። ደግሞ ሬዲዮው ዛሬ ምን ሆኗል? አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አይልም። ጉሙ ምላሳቸውን በላው እንዴ?"

"እንጃ" አሉ።

ድንገት ቀይ ግድግዳ ፊታችን ተገተረ። የመርከቧ ሆድ ነው። ቀና ስንል ፎቁ ነጭ፣ ጭስ ማውጫው ሰማያዊ። "ምን አልኩ?" ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ስሟ የተጻፈው በኋላዋ በኩል ነው፤ በዚያ ጉም ማን ዞሮ ያነባል? ከላይ መረብ አወረዱልን፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ እያቀበልኩ ቲማቲሙንና ሐብሐቡን ጫንን፣ መረቡ እየተወዛወዘ ወጣ። አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ወፍራም አብሳይ ሐብሐቡን እንደ ዘመድ አቅፎ ተቀበለው።

መርከበኞቹ ግን ሁኔታቸው አላማረኝም። አንድ በአንድ የመርከቧ ጠርዝ አጥር ላይ ተደርድረው ይስቃሉ። ሆዱን ይዞ የተቀመጠም አለ። ደግሞ ወደ እኔ ይጠቁማሉ፤ ወደ ፊቴ ቢሆን ምንም አልነበረም።

"ጋሼ፣ እነዚህ ባለጌዎች ወደ ቂጤ ነው እኮ የሚጠቁሙት" አልኩ።

ያኔ ከላይ፣ ከመርከቧ ፎቅ፣ የእኔው ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ "...ወደ ቂጤ ነው እኮ የሚጠቁሙት።"

የገደል ማሚቶ በባሕር ላይ ሰምቼ አላውቅም።

"ሃሎ?" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ሃሎ" አለ ፎቁ።

አንድ ሽበታም ሰውዬ በአጥሩ አጎንብሰው አዩኝ። አውቃቸዋለሁ፤ መርከቦችን እየመሩ ወደብ የሚያስገቡ የአገር ሰው ናቸው። ጉሙ ሲገለጥ መርከቧን ሊያስገቡ ቀድመው ተሳፍረው ኖሯል።

"የኔ ልጅ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ታናሿን ነው የምትፈልጉት አይደል?"

"አዎ። ይቺው አይደለች እንዴ?"

"ይቺ ታላቋ ናት። ታናሿ በቀኝ በኩል የነበረችው ናት። ስትጠራሽ ጉሮሮዋ ደረቀ እኮ፣ አንቺ ደግሞ አስተዳደግ የላትም ትያለሽ።"

"ያልኩትን በምን ሰሙ?"

"ከእኔ ይልቅ ያልሰማሽ ማን እንዳለ ጠይቂኝ። እስቲ የተቀመጥሽበትን እዪው።"

ተነሳሁ። ከጃኬቱ ሥር የሬዲዮው መናገሪያ ተጠፍጥፎ ተኝቷል፤ ለካ ቁልፉ ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ቁልፉ ተጭኖ ከቆየ ደግሞ አንተ ትናገራለህ እንጂ ማንም ሊናገርህ አይችልም። እንግዲህ ከወደቡ ጀምሮ ስብከቴን በቀጥታ ሳስተላልፍ ነው የመጣሁት።

ገና ከመነሳቴ ሬዲዮው ፈነዳ።

"ተነሳች" አለ አንዱ።

"ተመስገን" አለ ሌላው።

"እባካችሁ፣ እኛ ውሃ ለመጠየቅ ከጠዋት ጀምሮ ተራ እየጠበቅን ነው" አለ ሦስተኛው።

"አስተዳደግ የሌላት መርከብ ነኝ" አለ አራተኛው፣ የታናሿ ሰው። "ቲማቲሜን አምጪ። መልህቅ ላነሳ ነው።"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል የአክስቴ እጅ ታወሰኝ፤ ካሮቱን የሰበረው። ጆሮዬ ጋለ። ጋሽ ዝምታን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን ወደ ላይ አንጋጠው፣ ከጋብቻቸው ወዲህ ረጅሙን ንግግራቸውን አደረጉ፤ "መልሱልን። የሌላ ሰው ስንቅ ነው። ቀስ ብላችሁ፣ ከታች እንቁላል አለ።"

መረቡ ወረደልን። ወፍራሙ አብሳይ አንዱን ሐብሐብ ግን ከነፍሱ መለየት አቃተው፤ ትተንለት ሄድን።

ወደ ታናሿ እንዴት እንደደረስን እኔን አትጠይቁኝ። ጀልባችን ሳሏን ረስታ በረረች። ታናሿ ትጮኻለች፣ እኛ ጩኸቷን ተከትለን እንሄዳለን። ጉሙ መሳሳት ጀምሯል። መሀል ላይ "ከርርርር" የሚል ሰማሁ፤ የመልህቅ ሰንሰለት ነው። ይሄንን ጆሮዬ አልተሳሳተም፣ ምነው በተሳሳተ። ጋሽ ዝምታ ማዕበሉን እንደ ደረጃ አንድ በአንድ ይረግጡታል እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አላንገጫገጩንም። ደረስን፣ መረብ ወረደ፣ ጫንን፣ ወጣ። ደግሞ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። የመጨረሻው የእንቁላል ሳጥን አጥሩን ሲያልፍ መልህቁ ጭቃውን እያንጠባጠበ ከውሃው ብቅ አለ። መርከበኞቹ አጨበጨቡልን። አንዱማ ጎንበስ ብሎ ቂጡን እያሸ ሰላምታ ሰጠኝ። መልስ ነበረኝ፤ በሁለት እጄ አፌን ያዝኩት።

ስንመለስ የሱቁ በር በሰው ተሞልቷል። አክስቴ ከራሷ ሬዲዮ አጠገብ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀምጣለች።

"እትዬ" አልኳት።

"የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለች፣ ሳታየኝ። "የተደፈጠጠ ሙዝ ሳይቀር። ጓዳዬን እኮ ነው ለባሕር የዘረገፍሽው።"

ወዲያው ሰዉ ገለል ገለል አለ። ወኪሉ ናቸው። የሁላችንም ዓይን ከረባታቸው ላይ አረፈ። እሳቸውም ይሄን አውቀው ኮታቸውን ቆለፉት።

"ደረሰ?" አሉ።

"ደረሰ" አሉ ጋሽ ዝምታ።

"እንቁላሉስ?"

"አልተሰበረም።"

ወኪሉ ወደ አክስቴ ዞሩ። አክስቴ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ሳታወርድ ተነሳች።

"አቅራቢ ሁሉ 'ምርጥ ምርጡን ነው የማመጣልዎ' ይለኛል" አሉ። "ለራሱ ቤት የሚያስቀረው ምን እንደሆነ የነገረኝ ግን የለም። ዛሬ ሳልጠይቅ ተነገረኝ። ከዛሬ ጀምሮ መርከቦቹ ያንቺ ናቸው።" ትንሽ አሰቡና በጣታቸው ጠቆሙኝ። "ለዚች ልጅ ደግሞ አንዲት ደህና ብርቱካን ስጫት።"

አክስቴ ነጠላዋን አወረደች። ፊቷ እንዲያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። ሳጥኑ ውስጥ እጇን ሰድዳ ስትፈልግ፣ ስታማርጥ፣ ስታገላብጥ ቆየችና አንዲት ብርቱካን ሰጠችኝ። ባንድ ጎኗ ላላ ያለች ናት።

በማግስቱ የድርጅቱን ሌላ መርከብ ስንቅ ጭነን ወጣን። እንደገና ጉም ነው። አግዳሚው ላይ ተመቻቸሁ።

"እውነቱን ተነጋገርን ከተባለ ጋሼ" አልኩ፣ "ይሄን ሁሉ ሥራ ያመጣው ማን ነው? አፌ ነው። እትዬ ቲማቲሟን መቶ ዓመት ብትወለውል እኔ ባልናገር ማን ያውቅላት ነበር? ለመርከቧ ደግሞ አይጨነቁ። ትናንት አየሩ ነው ያሳሳተኝ እንጂ ጆሮዬ እንደሁ..."

ጋሽ ዝምታ ዓይናቸውን ከጉሙ ላይ አላነሱም።

"መጀመሪያ ከሬዲዮው ላይ ተነሺ" አሉኝ።