የእማማ ስንቅነሽ ዘይት

ጥዑመልሳን እንደሚለው ከሆነ፣ አንድ ዓመት የካርቱም ሙቀት ከመክፋቱ የተነሳ የገዛ ጥላው ጥሎት ሄዶ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሏል። «ተነስ እንሂድ ብዬ ብለምነው፣ አንተ ሂድ፣ እኔ በመልስህ እጠብቅሃለሁ አለኝ» ብሎ በመቁጠሪያው ይምላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የአቧራ ማዕበል ከኦምዱርማን አንዲት አህያ አንስቶ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር መሐል አሳረፋት፤ አህያይቱም እዚያ የጀመረችውን ማናፋት እዚህ ጨረሰችው። ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ ይላል።

ሰው ይስቃል፣ እሱም ያንን ይወዳል። ዴም ባለው የካቶሊክ ቁምስና ሃያ ስድስት ዓመት ደወል ደውሏል፣ ምንጣፍ አራግፏል፣ ወንበር ደርድሯል። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ትቶታል፤ እሱ ግን «ትምህርቱ ነው እኔን የተወኝ፣ ምቀኛ ነበር» ነው የሚለው። ምእመኑም «ጥዑመልሳን ኑዛዜ ሲገባ ያልሠራውን ጭምር ነው የሚናዘዘው» እያለ ያማዋል።

ጦርነቱ ሲመጣ ያ ሁሉ ምእመን እንደ ጤፍ ተበተነ። የሀብታሞቹ ሰፈር የዐማራት ቪላዎች ሲዘጉ እዚያ ይሠሩ የነበሩት ወደየአገሩ ሄዱ፤ የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ግብፅ ገባ። ቆሞሱ አባ ተስፋጽዮን እስከ ሐምሌ ቆይተው፣ የቆሰሉ ሁለት ሰዎች ይዘው ወደ ኮስቲ ወጡ። በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ አሉ። መንገዱ ከኋላቸው ተዘጋ።

ከመሄዳቸው በፊት ቁልፉን የሰጡት ለጥዑመልሳን ነበር። ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው፤ እሳቸውም አልደበቁትም።

«የምሰጥህን ነገር እየቀለድክ እንዳትይዘው» አሉት።

ቁልፉ የቁርባኑ ሳጥን ቁልፍ ነው። ከመንበሩ ጀርባ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ፣ የናስ በር ያለው ሳጥን ነው፤ ቄሱ ቀድሰው የተረፈው ቅዱስ ሥጋ እዚያ ይቀመጣል። አጠገቡ በቀይ ብርጭቆ ውስጥ መብራት አለ። መብራቱ ከበራ ጌታ ሳጥኑ ውስጥ አለ ማለት ነው፣ ከጠፋ የለም ማለት ነው፤ ይህን የካቶሊክ ልጅ አቡነ ዘበሰማያትን ሳይጨርስ ያውቀዋል።

«ማደል ትችላለህ፣ መቀደስ አትችልም» አሉት አባ። «እየቆራረስክ አዳርሰው። ክፉ እጅ ሊገባ ከሆነ አንተው ተቀበለው። ሲያልቅ መብራቱን አጥፋና ለሕዝቡ ንገር።»

ጥዑመልሳን ቆራረሰው። መጀመሪያ ለሁለት፣ ቀጥሎ ለአራት፤ በኋላማ አንዷ ፍርፋሪ ጉንዳን እንኳ ቤቷ ሳታደርስ የምትጨርሳትን ታህል ነበረች። የመብራቱም ዘይት አለቀ። ያኔ በየእሑዱ ከየቤቱ አንድ አንድ ማንኪያ የወጥ ዘይት ይመጣ ጀመር። ያም የሆነው ተኪያው፣ ጎረቤት አዋጥቶ ለሰፈሩ የሚቀቅልበት ድስት፣ ምስሩን ያለ ዘይት በሚያወጣበት ሰሞን ነው። ጎረቤቲቱ ወይንሸት የሽንብራ ጥብሱን ታሚያ የጠበሰችበትን ስለምታመጣ መብራቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። እማማ ስንቅነሽ ግን ንጹሕ ነበር የሚያመጡት፣ ያውም ሁለት ማንኪያ። «አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ መምጣት ለማይወደው ጉልበቴ» ይላሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን በሰው ቤት ምድጃ ቆመው አሳልፈውታል፤ አሁን ያላቸው ልጃቸው ናርዶስና ያ ጉልበት ነው።

አንድ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ፣ የግቢው በር ተሰበረ። ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ሰባት ፍርፋሪዎች ነበሩ። ጥዑመልሳን ሮጦ ከፈተ፣ ሰባቱንም ወደ አፉ። ታጣቂዎቹ ሲገቡ እያኘከ ነበር።

«ምን ትበላለህ?» አለው አንዱ።

«ምሳዬን። ዘግይታችኋል።»

ሳቁና በጥፊ መቱት። ማራገቢያውን፣ ባትሪውን፣ ክዳን ያለውን ጽዋ ይዘው ወጡ። ቀዩን መብራት የሚፈልገው አልነበረም። ጥዑመልሳን ሳጥኑን መልሶ ቆለፈ፣ ጥፊው የተቀመጠበትን ጉንጩን ነፋና መብራቱን እፍ ሊል ጎንበስ አለ። እስከዚህ ድረስ ያደረገው ሁሉ አባ እንዳዘዙት ነው፤ በሕይወቱ የታዘዘውን እንዲህ አስተካክሎ ሠርቶ አያውቅም።

በዚያች ቅጽበት እማማ ስንቅነሽ ናርዶስን ተደግፈው ገቡ። በሩ ሲሰበር ሰምተው ነው የመጡት። መብራቱን አዩና መሬት ተቀመጡ።

«አልነኩትም» አሉ። «ተመስገን፣ አልነኩትም። እኔ እኮ አለቀልን ብዬ ነበር።»

ጥዑመልሳን ጉንጩ እንደተነፋ ነው። ትንፋሹን ቀስ ብሎ በአፍንጫው አወጣና «አልነኩትም» አለ።

ምላሱ እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት። አላቆመችም። እሱ እንዳወራው፣ የታጣቂዎቹ አለቃ እጁን ወደ ሳጥኑ ሲሰድ እጁ እንደ ማገዶ ደርቆ ቀረ፤ በሌላኛው እጁ ታቅፎት እያለቀሰ ወጣ። እሑድ ሲደርስ ወሬው አድጎ ታጣቂዎቹ በሙሉ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ጥዑመልሳን ራሱ እጃቸውን ይዞ እስከ ዋናው መንገድ ሸኝቷቸው ነበር። ሰው አመነውም አላመነውም፣ መብራቱ ይበራል። ቁርባን ለመቀበል ሲሰለፉለት ደግሞ «ጣራ ላይ ወጥቼ ኔትወርክ አግኝቼ አባን አነጋገርኳቸው፣ የቀረው ለሞት አፋፍ ለደረሰ ብቻ ይቀመጥ ብለዋል» አላቸው።

«ደግ አሰቡ» አሉ ሁሉም። እንዲያውም ፊታቸው ፈካ። ከተማው ውስጥ ሐኪም የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ለእያንዳንዳቸው ግን ግድግዳው ውስጥ አንዲት የመሰናበቻ ፍርፋሪ ተቆልፋ ትጠብቃቸዋለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የጥዑመልሳን ግን እያደር ከበደ።

በኅዳር ናርዶስ ከጀብራ በመዳኒ አድርጎ ገዳሪፍ የሚሄድ ባስ ላይ ሁለት ወንበር አገኘች። እናትየው እንቢ አሉ። ልጅቱ ጥዑመልሳንን ይዛ መጣች፤ እሱን ይሰሙታል ብላ ነው።

«መንገድ ላይ ብሞትስ?» አሉት እማማ ስንቅነሽ። «ማን ያቆርበኛል? እዚህ የእኔ ተቀምጣልኛለች፤ ስምህ የተጻፈበት ነገር ካለ ጥለኸው ትሄዳለህ?»

ጥዑመልሳን አፉን ከፈተ። ነገሩ ጥርሱ ጋ ደርሶ ነበር። «ይሂዱ እማማ፣ ገዳሪፍ ደግ አገር ነው» አለ። «ክረምት ላይ የሚዘንበው የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ ሰዉ ሎሚ ይዞ ደጅ ይቆማል።»

እማማ ስንቅነሽ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንተን ትቼ የት እሄዳለሁ» አሉ። ባሱ ያለ እነሱ ሄደ። ወር ሳይሞላ የመዳኒ መንገድም ተዘጋ።

ትኩሳቱ የመጣባቸው በጥር ነው። በአምስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናርዶስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመች። ካርቱም ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ እንደ ውሰት ጫማ ነው፣ ትንሽ ይሰፋታል፤ ክፍተቱን በዐረብኛ ትሞላዋለች።

«ዓም ጥዑም፣ እማ ኸላስ ናት፣ አለቀላት። አልሞተችም ግን... ትሄዳለች። የእኔን ይዘህ ና በይው አለችኝ።»

«እሺ» አላት። «ሻማ ያዢ።»

ሳጥኑን ከፈተ። ነጭ ጨርቅ ብቻ። ምናልባት ብሎ ጣቱን በምራቁ አርሶ ጨርቁን እጥፍ በእጥፍ ዳሰሰ፤ ጣቱ ላይ የተነሳው የካርቱም አቧራ ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ጣሳ ያልተቀደሰ ኅብስት ነበር፤ ታጣቂዎቹ ቀምሰው «ወረቀት ነው» ብለው የተዉት። ክብ፣ ነጭ፣ ከዚያኛው በምንም አይለይም። አንዷን አነሳ፣ በጨርቅ ጠቀለላት፣ ደረት ኪሱ ውስጥ አደረጋት። ማን ያውቃል?

ወጡ። ናርዶስ ከፊት፣ የሻማውን ነበልባል በመዳፏ ከልላ፤ እሱ ከኋላ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ቁርባን ለበሽተኛ ሲሄድ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ያየ ሰው ይንበረከካል። ሽማግሌው የባጃጅ ነጂ በላይነህ ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ቤቱ ካደረጋት ረቅሻው ወረደ፣ ቆቡን አወለቀ። ወይንሸት ልብስ ታጥብ ነበር፤ ከወለደች እንኳ አርባ ቀን አልሞላትም። አረፋ የለበሰ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረግ አድርጋ አቧራው ላይ በሁለት ጉልበቷ ወደቀች፣ ግንባሯን መሬት አስነካች። ለጣሳ ኅብስት። ጥዑመልሳን በሷ ፈንታ ጉልበቱን አመመው።

እማማ ስንቅነሽ ተዘጋጅተው ነበር። በርጩማው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ፀጉራቸው ተበጥሯል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይናቸው ግን እሱ ደረት ላይ ነው።

ጨርቁን ፈታ። «እነሆ የእግዚአብሔር በግ» ብሎ ጀመረ፣ ቀጣዩ ቃል እምቢ አለው። እሳቸው አፋቸውን ከፍተዋል፣ እንደ ወፍ ጫጩት።

«እማማ፣ ይኼ ዳቦ ነው።»

«ዳቦ መስሎ ነው እንጂ ልጄ» አሉት፣ ትምህርቱን እንደረሳ ሰው ሊያርሙት።

«መስሎ አይደለም። ዳቦ ነው። ከጣሳ ነው ያመጣሁት።»

«ዛሬም አትተውም?» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ጨዋታህን ለቀብሬ አቆይልኝ። መብራቱ ይበራ የለም እንዴ?»

ነገራቸው። ሰባቱን ፍርፋሪ፣ ምሳዬን ያለውን፣ የነፋውን ጉንጩን። ምንም ሳይጨምርበት ነው የነገራቸው፤ አጭር ሆነ፣ እንዲህ አጭር መሆኑን እሱም አያውቅም ነበር። እማማ ስንቅነሽ አፋቸውን ቀስ ብለው ዘጉ።

«መቼ ነበር?»

«ያን ማክሰኞ። በሩ የተሰበረ ጊዜ።»

«ባሱ ከዚያ በፊት ነው፣ በኋላ?»

ጥዑመልሳን በአርባ መንገድ ሊመልሰው ይችል ነበር። «በኋላ ነው» አለ።

ናርዶስ ሻማውን እንደያዘች ነው። ሰሙ እጇ ላይ ይንጠባጠባል። «ሁለት ወንበር ነበረን» አለች። «በመስኮት በኩል።»

«ይማሩኝ እማማ።»

«እኔ ቄስ ነኝ?» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር በተሻለው ነበር። «ቄስ ሲመጣ ጠይቀው።»

ውሃ ፈለጉ። ናርዶስ በጣቷ ከንፈራቸውን አራሰችላቸው። ከዚያ «ወይንሸት ታውቃለች?» አሉ።

«ማንም አያውቅም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ መብራቱንም አጠፋዋለሁ።»

«አትነግርም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔ መሄጃ ነበረኝ። እነሱ የት ይሄዳሉ? አራስ ይዘው በየት ያልፋሉ? እኔን እዚህ ያስቀረ እነሱን ያሳድራቸው። አንተ ነህ ያበራኸው፣ አብራው።»

«አልችልም እማማ። ደከመኝ።»

«ማን ጠየቀህ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የንስሐ ጸሎታቸውን ለብቻቸው ደገሙት፣ ሁለት ጊዜ መሐሉ ላይ እየጠፋባቸው። የመግሪብ አዛን ሳይሰማ ሞቱ። ቀብር የሚኬድበት መንገድ ስላልነበረ በላይነህና ጥዑመልሳን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ደወሉ ሥር ቆፈሩላቸው። ተመልሰው ሲመጡ ኅብስቷ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች ነበረች፤ ዳቦ ስለሆነች ጉንዳን መጥቶባታል።

እሑድ ዕለት አሥራ አንድ ሰው መጣ። ማንኪያቸውን በመዳፋቸው ከልለው፣ ጠብ እንዳይል እየተጠነቀቁ። ወይንሸት ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ ከፊት ተቀመጠች።

«እማማ ስንቅነሽ እንዴት ሆነው ሄዱ?» አለችው። «ንገረን እስቲ። እንደ አንተ የሚያወራው የለም።»

ሁሉም ወደሱ ዞሩ። በላይነህ ገና ካሁኑ ፈገግ ብሏል። ጥዑመልሳን መላእክት ሊያወርድ ይችል ነበር፤ ጣራውን ሊከፍት፣ አልጋውን ክንድ ያህል ከመሬት ሊያነሳው ይችል ነበር። ፈለገ፣ አፉ ውስጥ ምንም አላገኘም።

«ቆረቡ፣ ፈገግ አሉ፣ ሞቱ» አለ።

«ይኼን ብቻ?»

«ይኼን ብቻ።»

ወይንሸት ዓይኗን ጠረገች። በላይነህ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚህ ሰው አፍ ያልተጌጠ ወሬ ሲወጣ መስማቱ ነበር ልቡን የነካው። አንድ ሰው እንኳ አልተጠራጠረም። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያወራቸው ሙሉ በሙሉ ያመኑት ያን ቀን ነው።

ዘይቱን አንድ በአንድ ጨመሩ። ናርዶስ መጨረሻ ላይ መጣች፤ ሁለት ማንኪያ ይዛ ነበር፣ በሁለት እጇ። መብራቱ አጠገብ ቆመው ሳለ ጥዑመልሳን ዝቅ ብሎ «አንቺ እንኳ ተይው፣ ብዪበት» አላት።

«የእማ ነው» አለች። የናሱን በር አላየችውም። «ሳጥኑ ውስጥ ማፊ፣ ምንም የለም፣ አውቃለሁ። ግን እማ ሁለት ነበር የምታመጣው።»

አንዱን አፈሰሰች፣ ሁለተኛውንም አፈሰሰች። ነበልባሉ ትንሽ ተንጣጣና ቀና አለ። ከዚያ ማንኪያዎቹ ላይ የቀረውን ዘይት በጣቷ ጠረገችና፣ ማንም እንዳላያት ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጣቷን ላሰችው።