ከበርሜሉ ጀርባ

የውዳሴ እጅ ከሐሳቧ ይቀድማል። ሰኞ ዕለትም የሆነው ይኸው ነው። የሒሳብ መምህሩ በክፍሉ ሁሉ ፊት «አፍሽ አረቄ አረቄ ይሸታል፤ የገጠር ልማድሽን እዚህ አታምጪብን» ቢላት፣ ዳስተሩን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጋ ፊቱ ላይ ወረወረችው። መነጽሩ ተሰበረ። መወርወሯን እንኳ ያወቀችው ዳስተሩ ከእጇ ከወጣ በኋላ ነው።

አረቄ መቅመሷ ውሸት አልነበረም። ያንገበገባት «የገጠር ልማድ» መባሉ ነው። አገሯ ፈረስ ቤት ወላጆቿ ዘንድ ሳለች ጠላ እንኳ ለበዓል ካልሆነ አትቀምስም ነበር። ነገሩ የመጣው ፍኖተ ሰላም ከተማ ቤት ተከራይታ መማር ከጀመረች ወዲህ ነው። አምና ለፈተና ሰሞን «ያነቃል» ተብላ ጫት ቃመች። ጫቱ እንቅልፍ ሲነሳት አረቄ ተከተለ። ዘንድሮ ፈተና ሳይኖርም እግሯ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው መቃሚያ ቤት ይወስዳት ጀመር። ሳሎኑ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛውና መምህሩ ይቀመጣል፤ ተማሪው በጓሮ ገብቶ ከውኃ በርሜል ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይታጎራል።

«ያነቃል» ያላት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ የሥነ ዜጋ መምህሯ ገነነ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ይታገሱ መሐል ተቀመጡ። በቀኛቸው መምህር ገነነ፣ በግራቸው የትምህርት ቤቱ አማካሪ መምህርት እህተ ማርያም ነበሩ። የውዳሴ አባት አቶ ቢያዝን ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ አጠገብ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። «ልጅዎ መምህር መታች» ተብለው ነው ከፈረስ ቤት የመጡት።

እህተ ማርያም ከወር ወዲህ ውዳሴን ቢሯቸው እየጠሩ አንድ ነገር ያለማምዷት ነበር። «እጅሽ ከመነሣቱ በፊት እግርሽ መሬት መርገጡን ልብ በይ። አራት ጊዜ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ከዚያ ያሻሽን አድርጊ» ይሏታል። ውዳሴ ይህን ስትሰማ ትበግናለች። እኔ እየነደድሁ ተንፍሺ ይሉኛል! ሰኞ ዕለትማ ትዝም አላላት።

መጀመሪያ የተናገረው ገነነ ነው።

«እኔ ትባረር ነው የምለው! ወላጅ ከአፉ ነጥቆ ያስተምራታል፤ እሷ ጓሮ ከሰማያዊው በርሜል ጀርባ ተወሽቃ ጫቷን ትቅማለች፣ አረቄዋን ትገለብጣለች። ነግ ሌላውንም ታበላሻለች።»

የውዳሴ ጆሮ ጭው አለ። ጠረጴዛው ላይ የውኃ ጠርሙስ ቆሟል። እጇ ተነሣ። አባቷን አየች፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጫማዋን ወለሉ ላይ ጫን አደረገች። አንድ። ሁለት። ቁጣው ቅንጣት አልበረደላትም። ሦስተኛው ላይ ግን ገነነ ያለውን ቃል በቃል ሰማችው። አራተኛውን ተንፍሳ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ቲቸር፣ በርሜሉ ሰማያዊ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ምን?»

«ከመንገድ አይታይም። ከእኛ ሌላ የሚያየው ሳሎን ሲቅም ቆይቶ ለሽንት ወደ ጓሮ የወጣ ሰው ብቻ ነው። አምና እዚያው በርሜል አጠገብ የተረፈዎትን ጫት ያስጨበጡኝ እርስዎ አይደሉም? ‹ለጥናት ያነቃል› ያሉኝስ?»

«ይቺ ሰካራም! ስሜን ልታጠፋ!» ገነነ ከወንበሩ ተነሣ፤ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

«ከአጀንዳው አትውጪ» አሉ አቶ ይታገሱ ወረቀታቸውን እያገላበጡ።

አቶ ቢያዝን ብድግ አሉ። «ጌታው፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ልጄ አጥፍታለች፤ ቅጡልኝ፣ አልከራከርም። ግን ልጄን ያስረከብሁት ለእናንተ ነበር። ማን እንዳስለመዳት መጠየቅ ከአጀንዳ መውጣት ከሆነ፣ እንግዲያው አጀንዳችሁ ምንድን ነው?»



«ያለችው ሁሉ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ካልሰፈረ አልፈርምም» አሉ እህተ ማርያም።

ሰፈረ። ውዳሴ የሒሳብ መምህሩን ይቅርታ እንድትጠይቅና ሁለት ሳምንት እንድትታገድ ተወሰነ። የገነነ ጉዳይ «ለብቻው ይታያል» ተባለ። ለብቻው! እሷን በአንድ ጠዋት ጨርሰዋት የእሱን ለብቻው።

ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ አባቷ መንገድ መሐል ቆሙ።

«ትጠጫለሽ?»

«እጠጣለሁ አባየ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አልጠጣሁም። ግን አምሮኛል። ይኸው አሁንም አምሮኛል።»

አቶ ቢያዝን ዱላቸውን አንሥተው አስፋልቱን መቱት። «መምታትስ ያን ሰውዬ ነበር!» አሉ። ከዚያ ፈረስ ቤት ወደሚሄደው መኪና ይዘዋት ገቡ።

ሁለቱ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። በትንሽ በትልቁ ከእናቷ ጋር ትጣላለች። አንድ ቀን ጎረቤት ማኅበር ላይ ሁለት መለኪያ አረቄ ጨለጠች። ማታውኑ ራሷ ለአባቷ ነገረቻቸው። ተቆጧት፤ በማግሥቱ ግን ወደ እርሻ ሲወርዱ «ነይ፣ አብረሽኝ ዋይ» አሏት። ከዚያ ወዲያ አልቀመሰችም።

ስትመለስ ገነነ እንደ ልማዱ ጠመኔ ይዞ ስለ ዜግነት ግዴታ ያስተምራል። ጉዳዩ «እየታየ ነው» አሏት። ውዳሴ አልወረወረችም፤ አልጮኸችምም። አብራት የተከራየችውን ያምሮትን ይዛ እህተ ማርያም ቢሮ ተቀመጠች። ያምሮትም ከገነነ እጅ ጫት ተቀብላ ታውቃለች። ሁለቱም የሆነውን ሁሉ ጻፉና ፈረሙበት፤ ደብዳቤውንም ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይዘው ሄዱ።

አቶ ይታገሱ ደብዳቤውን ሳይገልጡ ወደ ዳር ገፋ አደረጉት። «ተዪው፣ እናየዋለን።»

«ለመቀበልዎ ማኅተም ያድርጉበትና ግልባጩን ይስጡኝ» አለች ውዳሴ።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ልጅት።»

«እጠብቃለሁ።»

ደወል ተደወለ። ያምሮት እጅጌዋን ሳብ ብታደርጋት አልተነቃነቀችም። ዓይኗን ከሰውየው ሳትነቅል ጠረጴዛው ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። አቶ ይታገሱ ሁለት ጊዜ ስልክ አነሡ፤ አንድ ጊዜ ተነሥተው መስኮት ዘጉ። በመጨረሻ መሳቢያቸውን በቁጣ ስበው ማኅተሙን አወጡ።