ጃንጥላው ለምን ተከፈተ?

በአየር ምድቡ ውስጥ ሁሉም ሰው «እትዬ ጃንጥላ» ነበር የሚላት። ሥራዋ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎችን የመውረጃ ጃንጥላ፣ ፓራሹቱን፣ ማጠፍ ነው። አብራሪው አውሮፕላኑ አልታዘዝ ሲለው በጭኖቹ መሃል ያለውን ቢጫ እጀታ ይስባል፤ ወንበሩ ከነሰውየው ተፈንጥሮ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የእትዬ ጃንጥላ ነው።

ሃያ አራት ዓመት አጥፋለች። በየስድስት ወሩ እያንዳንዱን ጃንጥላ ከወንበሩ ራስጌ ታወጣለች፣ ሰቅላ ታናፍሳለች፣ አሥራ አንድ ሜትር በሚረዝመው ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ስፌቱን በጣቷ ትዳስሳለች፣ እንደገና አጥፋ ካርዱ ላይ ትፈርማለች። በእነዚህ ዓመታት አንድም አብራሪ ቢጫውን እጀታ ስቦ አያውቅም። ይህ ለሁሉም መልካም ዜና ነው። እሷን ግን፣ ለማንም ባትናገረውም፣ ውስጥ ውስጧን ይበላት ነበር። ልብስ ሰፊ የሰፋውን ሰው ለብሶት ሲሄድ ያየዋል። የእሷ ሥራ ትክክል ይሁን አይሁን የሚታወቀው አንድ ሰው ሊሞት ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ እንዳይታወቅ ትጸልያለች።

ባለቤቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። በከተማው ውስጥ ስለ ጦር አውሮፕላን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ቢኖርም ፀጉሩን የሚቆረጠው ሌላ ቦታ ነው። የትኛው አገር የትኛውን ጀት ለማን እንደሸጠ፣ የትኛው ሚሳይል ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚምዘገዘግ ከስልኩ ላይ እያነበበ ለደንበኞቹ ያስረዳል። ደንበኛው አንገቱ ላይ ምላጭ ስላለ አይከራከርም።

«ጎረቤቶቻችን አሥራ ሁለት አዲስ ጀት ገዙ፤» አላት አንድ ቀን ማታ ጫማውን እያወለቀ። «አምስተኛ ትውልድ። ራዳር አያየውም።»

«ታዲያ መግዛታቸውን እናንተ በምን አያችሁ?»

«ፎቶ ተነሥቷላ!»

«ፎቶ ያየውን ነገር ምኑን ተሰወረ ትላለህ?»

«አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ቀልድ ይመስልሻል። ሚሳይሉ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የእኛዎቹ ጠላት መምጣቱን ሳያውቁ ነው ጉዳያቸው የሚያልቀው።»

እትዬ ጃንጥላ ትንሽ አሰበች። «ወንበሩስ እንዴት ነው?»

«የምን ወንበር?»

«የአብራሪው።»

ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አገላበጠ። «ስለ ወንበር የጻፈ የለም፤» አላት።

መንግሥትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከአንዱ አገር ጀት፣ ከሌላው አገር ሚሳይል አዘዘ። ሁለቱ አገሮች እርስ በርስ የማይነጋገሩ ስለነበሩ፣ ጀቱና ሚሳይሉ ይነጋገሩ እንደሆነ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ከጀት ሻጩ አገር አንድ ባለሙያ መጣ። ረጅም፣ ትሑት ሰው ነው። ምድቡን ሲጎበኝ ከእትዬ ጃንጥላ ወርክሾፕ ደረሰና ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳበሰ። የአዲሱ ጀት ጃንጥላ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ተጨምቆ፣ እንደ ጡብ ደርቆ፣ ታሽጎ እንደሚመጣ በአስተርጓሚ አስረዳት። ማንም አይከፍተውም። ዘመኑ ሲያልፍ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል።

«እኔስ?» አለች።

አስተርጓሚው ባለሙያውን አየው፣ እሷን አያት። «ይሄን አልተረጎምኩትም፤» አለ።

በሳምንቱ የምድቡ አዛዥ ኮሎኔሉ ደብዳቤ ሰጧት። አሮጌዎቹ ጀቶች ሲሰናበቱ ወርክሾፑም ይዘጋል፤ እሷ ወደ መጋዘን ተዛውራ የአዲሶቹን ሚሳይሎች ልባስ ትሰፋለች። ሚሳይል አቧራና ፀሐይ አይወድም።

«ሚሳይል ልታለብሺ ነው!» አለ ባሏ። ደስታው ከልቡ ነበር። ቁመቱንና ውፍረቱን በቃሉ ነገራት።

አሮጌዎቹ ጀቶች አንድ በአንድ ወጡና አንድ ብቻ ቀረ። እሱም ለሙዚየም ተሰጠ። ርክክቡ ወረቀት ላይ ያለቀው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ላይ አንድ ሻለቃ አስነሥቶት ከተማዋን ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ሙዚየሙ አጠገብ ባለው ማረፊያ እንዲያሳርፈው፣ እዚያም የሙዚቃ ጓድ እንዲቀበለው ታቀደ። ሻለቃው ከሰላምታ ሌላ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ዝም አይነቅዝም ከሚለው ተረት ወስደው ጓደኞቹ «አይነቅዝም» ይሉታል።

በዚያን ሰዓት እትዬ ጃንጥላ ደጅ ቆማ የጨርቅ ቁርጥራጭ ትለይ ነበር። ሌላ ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ሲመጣ ቀና ይላል። ምድብ ውስጥ የኖረ ሰው ቀና የሚለው ድምፁ ሲቆም ነው። በሁለተኛው ዙር ላይ ቆመ።

ቀና አለች። ጀቱ አፍንጫውን ከቤቶቹ ወደተተወው የድንጋይ ካባ አዙሮ ቁልቁል ይንሸራተታል። ከዚያ ብልጭ አለና አንድ ጥቁር ነጥብ ከጀርባው ተወርውሮ ወጣ።

«አንድ፤» አለች። «ሁለት፤» አለች።

ብርቱካንማና ነጭ ሆኖ ተከፈተ።

ጀቱ ካባው ውስጥ ሲወድቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ እሷ ወደዚያ አላየችም። ጃንጥላው ከዛፎቹ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ወርክሾፗ ገባችና ጠረጴዛው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወንበር ነበረ፤ ትዝ አላላትም።

ሻለቃው የወረደው አንዲት አሮጊት ጥቅል ጎመን የሚያለሙበት ጓሮ ውስጥ ነው። አሮጊቷ የውኃ ማጠጫቸውን እንደያዙ ቀርበው አዩት።

«ልጄ፣ ከየት መጣህ?»

«ከላይ።»

«ጎመኑን ረገጥከው እኮ።»

«ይቅርታ እማማ።»

«ወንበር ላምጣልህ?»

«ይቅርብኝ እማማ። አሁን የመጣሁት ከወንበር ነው።»

ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ የዓመቱን ንግግር በአንድ ቀን ጨረሰው አሉ።

አደጋውን የሚመረምሩ ሦስት መኮንኖች ተሰየሙ፤ ፊርማዋ ካርዱ ላይ ስለነበረ እትዬ ጃንጥላንም ጠሯት። ሰብሳቢው ፊት ረጅም ቅጽ ተዘርግቷል።

«ተራ ቁጥር አሥራ አራት፤» አሉ። «መሣሪያው ያልሠራበት ምክንያት።»

«ሠርቷል ጌታዬ።»

«እሱማ ሠርቷል። ቅጹ ግን ባዶ ቦታ አይቀበልም።»

«እንግዲያው ሠርቷል ብላችሁ ጻፉ።»

«ያልሠራበት ምክንያት፣ ሠርቷል፣ ብለን?»

ሦስቱም ቅጹ ላይ አጎነበሱ። ካሁን በፊት ጃንጥላ ሠርቶ ስለማያውቅ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ይህን አላሰበበትም። በመጨረሻ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺ፣ ገልብጠን እንጠይቅሽ። ጃንጥላው ለምን ተከፈተ?»

«እንዲከፈት ስለታጠፈ።»

ጸሐፊው እንደተባለው ጻፈው። ኋላ ሪፖርቱ አራት ቢሮ ዞሮ ሲመጣ ማንም እርማት ያላደረገበት መስመር እሱ ብቻ ነበር።

ለመርማሪዎቹ የከበደው ሌላ ነገር ነው። ሙዚየሙ ደብዳቤ ጻፈ። ርክክቡ ሁለት ሰዓት ላይ ስላለቀ፣ አራት ሰዓት ላይ የወደቀው አውሮፕላን የሙዚየሙ ንብረት ነበር፤ ታዲያ ቅርስ ተነሥቶ እንዲበር ማን ፈቀደ? በዚህ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሙዚየሙ ከጀቱ የተረፈውን የአብራሪ ወንበር እንዲወስድ ተስማሙ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሻለቃው ወገቡ በቀበቶ ታስሮ፣ ከዘራ ተደግፎ፣ በጆንያ የተቋጠረ ነገር ይዞ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመ።

«ሻለቃ! ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጥ ተከልክያለሁ እትዬ።»

«ምን አሉዎት ሐኪሞቹ?»

«ከእንግዲህ አልበርም። ሁለት ሴንቲ ሜትርም አጥሬያለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አየችው። «አያስታውቅም።»

«እናቴ አውቃብኛለች።»

ጆንያውን ፈታው። ጃንጥላው ነው። ፖሊስ ጣቢያ በኤግዚቢትነት ተይዞ ቆይቶ ፈርሞ አስለቅቆት ነው የመጣው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና እየፈለገ አንዱ ገጽ ላይ ደረሰ። በነጩ ጨርቅ ላይ አንድ ስንዝር የምትሆን የጥቁር ክር ስፌት አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እትዬ ጃንጥላ አንገቷን ደፋች። «ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ስፌቱ ላልቶ ነበር፤ ነጩ ክር አልቆ ነበር። ጥንካሬው አንድ ነው፣ ለክቼዋለሁ። ነጩ ሲመጣ ልፈታው አስቤ፣ መርፌ በበዛ ቁጥር ጨርቁ ይደክማል ብዬ ተውኩት። ጥፋት ከሆነ…»

«ጥፋት አይደለም።» ሻለቃው ጣቱን ከክሩ ላይ አላነሣም። «ወደ ላይ ሳይ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ነው። ይቺ ብቻ የሰው እጅ ነበረባት። እሷን እያየሁ ወረድኩ።»

እትዬ ጃንጥላ ፊቷን አዞረችና ታጥፎ የተቀመጠ ጨርቅ አንሥታ እንደገና አጠፈችው። ሲበቃት ተመለሰች።

«አንተ ልጅ፤» አለችው፣ ሻለቃነቱን ረስታ፣ «ያን ጫፍ ያዝና ሳብ።»

አንድ ጊዜ የተከፈተ ጃንጥላ ሁለተኛ ጥቅም ላይ አይውልም፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ቢሆንም እስከ ምሳ ሰዓት አጠፉት። ሻለቃው ለማጠፍ እጁ አይታዘዝለትም ነበር፤ አራት ጊዜ አስፈታችው።

በማግስቱ ሻለቃው ባሏ ሱቅ ፀጉሩን ሊስተካከል ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ለእውነተኛ ተዋጊ አብራሪ ያጠራቀመው ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ የሚያህል ነው። ደንበኞቹም ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ። የሻለቃውን ኮሌታ ገለጥ ሲያደርግ ግን ማሰሪያው አንገቱና ትከሻው ላይ የተወው ሰንበር ቢጫ ሆኖ ታየው።

«ያምሃል?» አለው ዝቅ ብሎ።

«ስተነፍስ ብቻ።»

እንደቆመ ቀስ ብሎ ቆረጠው። ሲጨርስ አብረው ፎቶ ተነሡ። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ጠየቀችው። «እሺ፣ ስለ ሚሳይሉ ምን አለህ?»

«ሳልጠይቀው ረሳሁት፤» አለና እራት መብላት ጀመረ።

አዲሶቹ ጀቶች በሙዚቃ ታጅበው ገቡ። በወሩ ሚሳይሎቹ ገቡ። ይነጋገራሉ አይነጋገሩም የሚለው ገና አልተጣራም፤ ስለዚህ ጀቶቹ በአንድ ሃንጋር፣ ሚሳይሎቹ እትዬ ጃንጥላ የሰፋችላቸውን ልባስ ለብሰው በሌላ መጋዘን ተቀመጡ። አብራሪነቱ ቀርቶበት የበረራ ደኅንነት ኃላፊ የሆነው ሻለቃ ግን አንድ ነገር አየ። ጀቶቹን ያመጣው መርከብ ብዙ ወደብ ሲዞር ስለከረመ፣ በታሸጉት ጃንጥላዎች ላይ የታተመው ቀን ሊያልፍ ሁለት ወር ቀርቶታል። ወደ ፋብሪካው ደርሰው እስኪመለሱ አሥራ አራት ወር ይፈጃል።

ኮሎኔሉ አሥራ አራት ወር የማይበር ጀት ምን እንደሚባል ጠየቁ። ሻለቃው «ሙዚየም» አለ። ኮሎኔሉ አልሳቁም፤ ግን ደብዳቤ ተጻፈ። ፋብሪካው ብዙ ካንገራገረ በኋላ፣ አንድ ሰው መጥቶ ማሽኑን ከተማረና ፈተናውን ካለፈ ሥራው እዚሁ እንዲሠራ ፈቀደ። በዚህ ምክንያት እትዬ ጃንጥላ በሃምሳ አንድ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈረች። ጉዞውን ሁሉ ሻንጣዋን አቅፋ፣ ከመቀመጫዋ ራስጌ ጃንጥላ ይኖር እንደሆነ እያየች ነው የሄደችው። ምንም አልነበረም።

ፋብሪካው ሰፊ፣ ነጭ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። አስተርጓሚ የሚኖረው ጠዋት ብቻ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ በእጅ ምልክት ትማራለች። የምታስተምራት ሴት በእሷ ዕድሜ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ናት። ጨርቁን ስትዳስስ እትዬ ጃንጥላ ወዲያው ለየቻት፤ በጣቷ ነው የምታየው።

በሁለተኛው ሳምንት ላይ እትዬ ጃንጥላ ስልኳን አወጣችና ባሏና ሻለቃው አብረው የተነሡትን ፎቶ አሳየቻት። ሴትዮዋ ባሏን በጣቷ አመለከተች።

«አይ፣ እሱ ፀጉር ቆራጭ ነው፤» አለች እትዬ ጃንጥላ በራሷ ቋንቋ። ጣቷን ሻለቃው ላይ አደረገች። ከዚያ ጡጫዋን ከጠረጴዛው ወደ ላይ ተኮሰች። ጀት ያደረገችውን ሌላኛውን እጇን ወደ መሬት አወረደችና ከሰከሰችው። ወደ ላይ የሄደውን ጡጫዋን አየር ላይ አቆመች። «አንድ፤ ሁለት፤» አለችና አምስቱንም ጣቶቿን ዘረጋቻቸው። የዘረጋችውን እጇን ቀስ፣ ቀስ አድርጋ እስከ ጠረጴዛው አወረደችው። ስትጨርስ የገዛ ደረቷን ነካች፤ በሁለት እጇ ማጠፍ አሳየች።

ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገች። ፎቶውን አየች፣ የእትዬ ጃንጥላን እጅ አየች። የራሷን ጡጫ አነሣችና፣ እየጠየቀች፣ ጣቶቿን ዘረጋቻቸው።

እትዬ ጃንጥላ ራሷን ዝቅ ከፍ አድርጋ አዎ አለች።

ሴትዮዋ ዞር ብላ የሆነ ነገር ጮኸች። ከየማሽኑ ሥር ሴቶች ብቅ ብቅ አሉ፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ሆኑ። ጠረጴዛውን ከበቡ። ከእነሱም ውስጥ የሠራችው ጃንጥላ ሰው ይዞ ሲወርድ አንዷም አይታ አታውቅም። አንዷ ማሽኑን አጠፋችው። ከዚያ ሁሉም እንደገና እንድታሳያቸው እትዬ ጃንጥላን ጠበቋት፤ እሷም ከመጀመሪያው ጀመረች።

በዚያ ቀን የፋብሪካው መዝገብ ላይ ሥራ ለሰባት ደቂቃ እንደቆመ ተጽፏል። ምክንያቱ አልታወቀም ይላል።