ከመሪው ሥር

"በየትኛው እጅህ ነው የምትመዘው?" አለ ኢተፋ፣ ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ፈትቶ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ እንደቀበረ።

"በቀኝ።"

"ቀኝህ ማርሽ ላይ አይደል?"

"ማርሹን ለቅቄ እመዛለሁ።"

"እነሱ ከኋላ አንቀው ይዘውህ፣ አንተ ማርሽ ለቀህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ መዘህ፣ ዞረህ..." ኢተፋ ብቅ ብሎ በግራሶ የጠቆረ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። "ጋሽ ሃይሌ፣ ፊልም ታበዛለህ።"

ሃይለአብ አልሳቀም። ከሃያ ሦስት ቀን ወዲህ ሰው ሲጠራው አንገቱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን ነው የሚያዞረው። ከአገጩ በታች ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመረው ቁስል ጠቁሮ ደርቋል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሲነካው ግን አሁንም ይለበልበዋል።

ኢተፋ ቄራ ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዡ የሃይለአብን ያሪስ ለስድስት ዓመት ሲጠግን ኖሯል። የዛሬውን ሥራ ግን በሩን ከውስጥ ሸንጉሮ ነው የጀመረው። ዕቃው በሰማያዊ ፎጣ ተጠቅልሎ ጋቢናው ላይ ተቀምጧል። ጥይቶቹን ኢተፋ ገና ሲያያቸው፣ "ብየዳ ባለበት ቤት የጎረሰ ዕቃ አልነካም" ብሎ ከውስጡ አስወጥቷቸው፣ አራቱም በሃይለአብ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ናቸው።

የዛሬ ሃያ ሦስት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጥሩ የለበሱ ሁለት ሰዎች ታክሲ ብለው በስልክ ጠሩት። አንዱ መንገድ ላይ ቻርጀር ጠየቀ። ሃይለአብ ለጠየቀው ሁሉ እንደሚያደርገው ገመዱን ወደ ኋላ አቀበለ። እንግዳ ተቀባይነት ነው፣ ደግሞም ተሳፋሪ የሚሰጠው ኮከብ የሚበዛው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ያው ገመድ አንገቱ ላይ ዞረ። የተረፈው በጀግንነት አይደለም። እግሩ ከፍሪሲዮኑ ተንሸራቶ መኪናዋ አጥር ገጭታ ቆመች፤ ሰው ወጣ። ሁለቱም ሳይሮጡ ወርደው ሄዱ። አንደኛው በሩን እንኳ በወጉ ዘግቶ ነው የሄደው።

ለማመልከት የሄደበት ፖሊስ ጣቢያ የተቀመጠው መርማሪ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ "የማታውቀውን ሰው ለምን ጫንክ?" አለው።

እንዲህ ነው እንግዲህ! ታክሲ ነጂ የሚያውቀውን ብቻ ይጫን! አክስትና አጎቱን ሲያመላልስ ይዋል! ከሃይለአብ ሁለት ወር ቀድሞ መርጋ የሚባል የሥራ ጓደኛው እንደዚሁ ታንቆ ተገድሎ፣ መኪናው አራት ጎማዋን ተፈትታ በድንጋይ ላይ ቆማ ተገኝታለች። ያን ጊዜም የመርጋ ሚስት የተጠየቀችው ይህንኑ ነው። የሞተው ሰው ጥፋት እንጂ የገደለው ሰው አድራሻ የሚያሳስበው አልተገኘም።

ሽጉጡ የሃይለአብ አማት፣ የአቶ ገብረጻድቃን ነበር። የመጋዘን ዘበኛ ሳሉ በፈቃድ የያዙት ነው። እሳቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። የካዛንቺሱ ቤታቸው ለልማት ሲፈርስ፣ ኮርኒሱን ሲያወርዱ ሽጉጡ ከፈቃድ ደብተሩ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ወደቀ። ሚስቱ ወይኒ ያኔውኑ "እናስረክበው" ብላው ነበር። እምቢ ያለው እሱ ነው። በጦርነቱ ዓመት መንገድ ላይ መታወቂያውን አሳይ ብለውት፣ ስሙን ሁለቴ አንብበው፣ ክስ ሳይመሠረትበት ሁለት ወር ያሰሩት ሰው፣ እጁ ላይ ሽጉጥ ይዞ ጣቢያ ገብቶ "ወድቆ አገኘሁት" ቢል ማን ያምነዋል? በሩዝ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ወደ አዲሱ ኮንዶሚኒየም አጋዘው። ያን ቀን ማስረከብ ያስፈራው ነገር ዛሬ ወንጀል ሆኖ አብሮት ይኖራል።

ቦታ መፈለጉ አንድ ሰዓት ፈጀ። የበሩ ኪስ ውስጥ ቢሆን፣ መስኮት ሲወርድ ፖሊስ ከላይ ያየዋል። ከወንበር ሥር ቢሆን፣ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፤ አንድ ቀን ፔዳሉ ሥር ቢሸጎጥ ሌባ ሳይመጣ ያልቅለታል። ወገቡ ላይ ቢታጠቀው፣ በዚህ ከተማ ሽንት ቤት ለመግባት እንኳ ሰው ወገቡን ይዳበሳል።

"እዚህ አሪፍ ነው" አለ ኢተፋ በመጨረሻ፣ ከመሪው በስተቀኝ ከጉልበት አጠገብ ያለውን ብረት በጣቱ እየቆረቆረ። "የስፒከር ማግኔት ላጣብቅልህ። ይዞት ይቀራል፣ ስትስበው ይላቀቃል። ግን ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ጉልበት እዚሁ ነው። ካንተ እጅ የሱ ይቀርበዋል።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ጋቢና ሰው አታስቀምጥም። ሁሉንም ከኋላ ትጭናለህ።"

መርጋ ከሞተ ወዲህ ሾፌሮቹ ወንድ ተሳፋሪን ሁሉ ጋቢና ማስቀመጥ ለምደዋል፤ እጁን እንዲያዩት። ሃይለአብ የታነቀ ዕለት ሁለት ሰው ከኋላ የጫነው "ሁለት ስለሆኑ መጫወት ይፈልጋሉ" ብሎ አዝኖላቸው ነው። አሁን ከአንገቱ ጀርባ ያለውን ሰው ፈርቶ ያመጣው መሣሪያ፣ የአዲስ አበባን ሰው ሁሉ ከአንገቱ ጀርባ ሊያስቀምጥበት ነው።

"ልሞክርህ?" አለ ኢተፋ። መልስ ሳይጠብቅ ማግኔቱን አጣበቀ፣ ባዶውን ሽጉጥ ሰቀለበት፣ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ሽቦ አንስቶ ከኋላ ገባ። "ንዳ በል። ሬዲዮ እየሰማህ ነው፣ አሰልቺ መንገድ ነው።"

ሃይለአብ መሪውን ያዘ። ሽቦው አገጩ ሥር መጣ። ኢተፋ አላጠበቀውም፤ ነካ አድርጎት ብቻ ቆመ።

"እጅህ የት ነው?"

ሃይለአብ ወደ ታች አየ። ሁለቱም እጆቹ አንገቱ ላይ ነበሩ።

"ድገመው" አለ በቁጣ።

ደገሙት። አሁንም አንገቱ ላይ። በሦስተኛው ሽቦው ሳይመጣ፣ ገና የኋላው ወንበር ሲንቋቋ እጆቹ ወጡ። ኢተፋ ሽቦውን መሬት ላይ ጣለና ከኋላ እንደተቀመጠ ቀስ ብሎ፣ "ጋሽ ሃይሌ፣ እጅ አይታዘዝም። አንገት ሲያዝ አንገት ጋ ነው የሚሄደው" አለ።

"እለማመዳለሁ።"

"ብትያዝስ?"

"ሌላው ቢያዝ ሽጉጥ የያዘ ታክሲ ነጂ ይባላል። እኔ ብያዝ መታወቂያዬን አንብበው ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ።"

"ባንተ ብቻ መሰለህ? የኛም ስም ተራ ደርሶት ያውቃል" አለ ኢተፋ። በዚህ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም።

የሃይለአብ ስልክ ጮኸ። ወይኒ ነበረች። እጁ በግራሶ ስለተነካ ድምፁን ከፈተው።

"ገጠመልህ?"

"እየገጠመ ነው።"

"ከጠዋት ጀምሮ? ምንድነው የሚገጥመው፣ ሞተር ነው?"

"ወይኒ፣ ብያዝስ?"

"ሃይሌ ስማኝ። ከታሰርክ ስንቅ አመላልሳለሁ። አመላልሼም አውቃለሁ። ከሞትክ የት ነው የማመላልሰው? ሌሊት እንቅልፍህ ውስጥ አንገትህን ስትይዝ የማየው እኔ ነኝ። ሳትይዘው እንዳትሠራ። ካልሆነ መኪናዋን ሽጣትና እቤት ተቀመጥ።"

"ምን እየበላን?"

"እሱን እኔ ምን አውቃለሁ!" ብላ ዘጋችው።

ኢተፋ ማግኔቱ ያለበትን ቦታ ለእጅ ክፍት ትቶ ፕላስቲኩን መልሶ ገጠመ።

የመጀመሪያው ጥሪ ከሜክሲኮ ወደ ካዛንቺስ ሆነ። ስልኩ "ኤልዳድ" ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት የማይሞላው፣ ላፕቶፕ ቦርሳ ያነገበ ልጅ ነው። እንደ ጨዋ ሰው ቀጥታ የጋቢናውን በር ከፈተ።

"ከኋላ ግባ።"

"ኧረ ችግር የለም ፋዘር፣ እንጫወታለን በቃ።"

"ከኋላ ግባ አልኩህ!"

ልጁ በድንጋጤ ከኋላ ገባ። ሃይለአብ ነዳ። የልጁን ትንፋሽ ከሞተሩ ድምፅ ለይቶ ይሰማዋል። የቦርሳው ዚፕ ተከፈተ። ዚፑ ተዘጋ። ከስታዲየሙ ፊት ለፊት መኪናው እንደ ኤሊ ይሄዳል፤ በስፔኪዮው የሚያየው የልጁን ግንባር ብቻ ነው፤ እጆቹ አይታዩም። መስቀል አደባባይን ሲያልፉ ልጁ ወደ ፊት ጠጋ አለ።

"ፋዘር፣ ማለቴ... ቻርጀር ይኖርሃል?"

የሃይለአብ እጅ ማርሹን ለቆ ከመሪው ሥር ገባ። በዚህ ጊዜ ታዘዘለት። ቀዝቃዛውን ብረት ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ "የለኝም!" አለ። መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ እየተንቀጠቀጠች ጠፋች። ከኋላ የነበሩት ክላክስ ለቀቁበት።

ልጁ በስፔኪዮው ዓይኑን አይቶታል። "ፋዘር፣ እጅህ ምን ላይ ነው?"

"ማርሽ ላይ።"

"ማርሽ ላይ አይደለም።" ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ በሚርገበገብ ድምፅ መልእክት መቅዳት ጀመረ፦ "ሉሊ፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው፣ የመኪናው ታርጋ ቅድም የላኩልሽ ላይ አለልሽ፣ ማለቴ ካልደረስኩ..." ወዲያው ወደ ሃይለአብ፣ "ወንድሜ፣ እዚሁ አውርደኝ። በእናትህ። ሙሉውን እከፍልሃለሁ።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ..."

ልጁ በሩን ከፍቶ በመኪኖቹ መሃል ሮጠ። በሩን አልዘጋውም።

ሃይለአብ ወርዶ ራሱ ዘጋው። ያነቁት ሰዎች በሩን ዘግተው ሄደው ነበር፤ ይሄ ልጅ ከሱ ሸሽቶ በሩን ጥሎ ሄደ። ቀና ሲል ደግሞ የመኪናው ሰልፍ ለምን እንደማይንቀሳቀስ አየ። ከፊት ፍተሻ አለ። እንግዶች የሚመጡበት ስብሰባ ሳይኖር አይቀርም፣ ሾፌሮቹን እያስወረዱ፣ ወንበር እያነሱ፣ በባትሪ ከዳሽቦርድ ሥር እያዩ ነው። ሃይለአብ ቀኝና ግራ አየ። በቀኝ አዲሱ የብስክሌት መንገድ ከነከፍታው፣ በግራ አበባ የተተከለበት ረጅም መከለያ፣ ከኋላ አውቶቡስ። ከተማው እስኪያምር ድረስ መውጫ ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኗል። ከፊቱ ሰባት መኪና አለ።

ገብቶ ተቀመጠ። ስድስት ሆነ። ትቶት ቢሮጥ መኪናዋ በስሙ ናት። በመስኮት ቢጥለው ካሜራው በየምሰሶው ነው። ዝም ቢል በባትሪ ያገኙታል፤ ተደብቆ የተገኘ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከሆነው በላይ ይሆናል። ላቡ ቁስሉ ላይ ሲወርድ ለበለበው፤ ሊጠርግ እጁን ሲያነሳ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቃጨለ። አራቱ ጥይቶች። ከቄራ ጀምሮ እዚሁ ኪሱ ውስጥ ነበሩ። ያን ልጅ ያስፈራራበት፣ ራሱም አምኖበት የጨበጠው ብረት ባዶ ነበር። ቢያንቁትም ባዶ ነበር።

አራት መኪና ቀረ። ስልኩን አነሳ።

"ወይኒ፣ የአባትሽ የፈቃድ ደብተር የት ነው?"

"ሳጥኑ ውስጥ። ምን ሆንክ?"

"ይዘሽው ነይ። መስቀል አደባባይን አልፎ ፍተሻ አለ። ላስረክብ ነው።"

"አብደሃል? እዛው መንገድ ላይ? ሃይሌ፣ ደብቀው! የሆነ ቦታ ደብቀው!"

"የት? አንድ ሰዓት ሙሉ ቦታ ስፈልግለት ነው የዋልኩት።"

"ከያዙህስ?"

"ስንቅ ማመላለስ አውቃለሁ ብለሽኝ የለ?" አለ። "እነዚህ ሲይዙኝ ቢያንስ ማን እንደያዘኝ ታውቂያለሽ።"

የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት ሰማው። "ጋቢም ልያዝ?" አለች በቀጭን ድምፅ።

"ያዢ።"

ሽጉጡን ከማግኔቱ አላቀቀና በሰማያዊው ፎጣ ጠቀለለው። ጥይቶቹን ከኪሱ አውጥቶ ከጎኑ ደረደራቸው። ሁለቱንም ጋቢናው ላይ፣ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት ቦታ፣ በግልጽ አስቀመጣቸው። መታወቂያውን አውጥቶ መሪው ላይ፣ ስሙ ከላይ እንዲታይ አድርጎ ያዘው፤ ሁለቱንም እጆቹን መሪው ላይ ጫነ። አንገቱ ጋ አልሄዱም።

ከፊቱ ያለው መኪና አለፈ። ወጣቱ ፖሊስ መስኮቱን ሊያንኳኳ ጣቱን አጠፈ። ሃይለአብ ሳይንኳኳበት መስኮቱን አወረደው።