አቤት የማይባልበት ክፍል

መዋቅር መሥሪያ ቤት ሲገባ እንደ ጉንፋን ነው፤ ማንን እንደሚጥል ሳይታወቅ ሁሉም ቀድሞ ያስነጥሳል። አዲስ አበባ፣ ባምቢስ አካባቢ ፍሬሰላም በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ዘንድሮ የወጣው መዋቅር ግን ብዙም አልተንከራተተም፤ በቀጥታ መጥቶ እሷ ላይ ዐረፈ። ሽበት እስክታወጣ የሠራችበት የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ከእንግዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል ተባለ። ፍሬሰላም ያላት ዲፕሎማ ነው። ዲፕሎማ ያለው ሰው በሰፈር በጣት በሚጠቆምበት ዘመን የተገኘ ዲፕሎማ ነው፤ ዛሬ ግን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት!

«እስከ ሰኔ ሠላሳ ዲግሪሽን ካመጣሽ ወንበሩ ያንቺ ነው» አሏት የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ አረጋዊ፣ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሱ። «ካላመጣሽ ዝቅ ብለሽ ትመደቢያለሽ። እኔ ምን ላድርግ ፍሬሰላም፣ መዋቅር ነው።»

ዝቅ ማለቱ ለክብሯ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጥ ታደርገው ነበር። እናቷ ወይዘሮ ጦቢያ ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት፤ የዚያ ቤት ኪራይ የሚወጣው ደግሞ ከዚያው ወንበር ነው። ወንበሩ ከሄደ ከተማ ዳር ወጥቶ ቤት መፈለግ ሊመጣ ነው። እናቷ ሁለተኛ መነቀልን እንደማይችሉት ፍሬሰላም ታውቀዋለች፤ የመጀመሪያውንም የቻሉት ለሰው ሲናገሩ እንጂ ለብቻቸው ሲሆኑ አይደለም።

መላ ያመጣላት የኮምፒውተር ክፍሉ ዮአብ ነው። ኦሎምፒያ ወስዶ ማኪያቶ ጋበዛትና አፉ አላርፍ አለ።

«ፍሬዬ፣ አራት ዓመት ማታ ማታ ክላስ መመላለስ የሚባለውን እርሺው። ማለቴ፣ በቃ እርሺው! ኦንላይን የሆነ የውጭ ኮሌጅ አለ፣ እኔ ራሴ በሱ ነው የጨረስኩት። የምታውቂውን ነገር እንደገና አያስተምሩሽም፤ ይፈትኑሻል። ካለፍሽ ኮርሱን እንደተማርሽው ቆጥረው ክሬዲቱን ይይዙልሻል። ከማታው ትምህርትም በጣም ይረክሳል። ደግሞ ላንቺ ማኔጅመንት ማን ያስተምርሻል? አለቆቹን ሁሉ ስታስተዳድሪ የኖርሽ!»

«ኋላ ወረቀቱን አንቀበልም ቢሉኝስ?»

«አቶ አረጋዊን ጠይቄያቸዋለሁ። የአቻ ግምት ከተሠራለት ችግር የለውም ብለዋል። አንቺ ብቻ ፈተናውን ድፈኚው።»

ዕቅዱንም አብሯት አወጣ። መጀመሪያ ከሥራዋ ጋር የሚቀራረቡት፣ ቀጥሎ ንባብ ብቻ የሚፈልጉት፣ ሒሳብና ስታቲስቲክስ መጨረሻ። ፍሬሰላም ሚኒባስ ውስጥ አነበበች፣ ወጥ እያማሰለች አነበበች፣ ቅዳሜ ሲመጣ ተፈተነች። አለፈች። ሌላውንም አለፈች። ለካ እንደምታውቅ ሳታውቅ ብዙ ታውቅ ኖሯል።

የፈተናው ሕግ ግን ከፈተናው ይከብዳል። የምትፈተነው በገዛ መኝታ ክፍሏ ነው፤ ባሕር ማዶ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ በካሜራ ያያታል፣ በማይክሮፎን ይሰማታል። በር ይዘጋል። ሰው አይገባም፣ ዓይን ወደ ጎን አይሄድም፣ ድምፅ አይወጣም። ከመጀመሯ በፊት ግድግዳውን በሙሉ ታሳያለች፤ ጽሑፍ ያለበት ነገር መታየት የለበትም። ከአልጋዋ በላይ የተሰቀለችው የማርያም ሥዕል ግርጌዋ ላይ ጽሑፍ ስላለባት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንድታዞራት ታዘዘች።

«ምነው፣ እሷንም ታስኮርጃለች ብለው ፈሩ?» አሉ ወይዘሮ ጦቢያ። ለቀልድ ነው ያሉት፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም።

ወይዘሮ ጦቢያ የጥሪ ሰው ናቸው። ካዛንቺስ ሳሉ ደጃቸው ቆመው አንዴ «ሉሊ!» ካሉ፣ ጎረቤታቸው ሉሊ ከበርካታ አጥር ማዶ «አቤት!» ትላለች። ልጅ ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት ነው ብለው ነው ያሳደጉት፤ ፍሬሰላም በልጅነቷ አንድ ጥሪ ሰምታ ዝም ካለች ጭኗን መቆንጠጧ የማይቀር ነበር። ጎተራ ከመጡ ወዲህ ግን የሚጠሩት ጎረቤት አጡ። በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ደረጃ ላይ የሚያገኙት ሰው ሰላም ብሎ ያልፋል እንጂ ስሙን አይናገርም። ስለዚህ ልጃቸውን ይጠራሉ።

«ፍሬ!»

«አቤት!»

«ውሃ መጣ እንዴ?»

ውሃው መምጣቱን ያውቃሉ፤ የቆሙት ቧንቧው ሥር ነው። የፈለጉት ውሃውን አልነበረም፤ አቤቱን ነው።

የሒሳቡ ፈተና ዕለት ፍሬሰላም በላብ ተጠምቃ፣ ጥያቄዎቹን አጋምሳ ሳለ ከወጥ ቤት ጥሪ መጣ። «ፍሬ!»

«አቤት!» አለች።

አፏ ነው ያለው እንጂ እሷ አላለችም። አንገቷም አብሮ ዞሯል። ስትመለስ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጥቶ ጠበቃት፤ ቀጥሎ ተቆጣጣሪው ከማን ጋር እንደምታወራ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። እናቴ ጠርታኝ ነው ብትለው፣ ታዲያ ለምን መለስሽላት አላት። ፈተናው ተሰረዘ። እንደገና ለመቀመጥ ወራት መጠበቅ አለባት፤ ሰኔ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

በሩን በርግዳ ወጣች። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም፣ ልጄ... ጨዉን የት እንዳስቀመጥሽው...»

ጨዉ እጃቸው ላይ ነበር። ፍሬሰላም እናቷ ላይ ጮኻ አታውቅም፤ ያን ቀን ጮኸች። «በሩ ሲዘጋ እኔ የለሁም በይ! ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እንዳትጠሪኝ! ገባሽ?»

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ጦቢያ፣ ጨዉን ቀስ አድርገው እያስቀመጡ። «እሺ፣ አልጠራሽም።» ቃላቸውን የሚያጥፉ ሴት አይደሉም።

ዮአብ ታሪኩን ሲሰማ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ መድኃኒት አዘዘላት። መድኃኒቱ ልምምድ ነው። ምሳ ላይ ይሁን ኮሪደር ላይ ከኋላዋ መጥቶ «ፍሬሰላም!» ይላታል፤ እሷ ምላሷን ነክሳ ዝም ማለት አለባት። መጀመሪያ ሰሞን «አቤ...» ብላ ትቆርጠው ነበር። ቢሮው ሁሉ ጨዋታ አደረገው፤ ፋይል ፈላጊው ሳይቀር ከበር ቆሞ ይጠራት ጀመር። እያደር ምላሷ ለመደ። አንድ ቀን አቶ አረጋዊ ለቁም ነገር ሲጠሯት እንኳ ጥላቸው አለፈች።

«ተመርቀሻል!» አለ ዮአብ እያጨበጨበ። እሷም ከት ብላ ሳቀች። ያንን ሳቋን ኋላ ስታስታውሰው አንጀቷን ይቆርጠዋል።

ሒሳቡን ደግማ የተቀመጠችው ግንቦት ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በሩን የዘጉላት እናቷ ናቸው። «በይ፣ እኔም የለሁም፣ አንቺም የለሽም» አሉ ፈገግ ብለው።

ጥያቄዎቹን እንዳጋመሰች ድምፃቸው መጣ። «ፍሬ።»

እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ዝቅ ያለ፣ ጫፉ የተበላ ነበር። አቤት ጉሮሮዋ ድረስ ወጣ። ፍሬሰላም ዋጠችው። ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። እንዲያውም ኮራች፤ ይህንን ለማንም ተናግራው አታውቅም፣ ግን በራሷ ኮራች። ወዲያው የድስት ክዳን ወድቆ ወለሉ ላይ ሲሽከረከር ሰማች። ክዳኑ ቆመ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። ቃላቸው ትዝ ብሏቸው ዝም አሉ ብላ ቀጣዩን ጥያቄ አነበበች።

ውጤቱ እዚያው ነው የሚነገረው። አልፋለች። «እማዬ! አለፍኩ እኮ! ሒሳብን አለፍኩት!» እያለች እየዘለለች ወጣች። ለወትሮው «እሰይ የኔ ልጅ!» ነበር መልሱ።

ወይዘሮ ጦቢያ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ነፍሳቸው አለች፤ ዓይናቸው ተከፍቷል፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። አንዱ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ደህናው እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጦ አፋቸው ላይ ይዞታል። ድምፅ እንዳይወጣቸው ነበር።

ሆስፒታል ሐኪሙ ስትሮክ ነው አላት። «መቼ ነው የጀመራቸው? ሰዓቱን ታውቂዋለሽ?»

ታውቀዋለች። ነገረችው። ሐኪሙ ሰዓቱን አይቶ፣ ቀጥሎ እሷን አይቶ፣ «ያኔውኑ ብታመጫቸው ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው።

ሉሊ ካዛንቺስ ሲፈርስ ከተዛወረችበት ከከተማው ጫፍ በሦስት ታክሲ መጥታ አልጋው ሥር አለቀሰች። «ምነው እትዬ ጦቢያ! ያን ሁሉ ሰፈር የሚያዳርስ ድምፅ ይዘው፣ ሳይጣሩ?» ከዚያ ወደ ፍሬሰላም ዞረች። «አልተጣሩም?»

«አልተጣራችም» አለች ፍሬሰላም።

እናቷን ወደ ቤት ስትመልሳቸው አንድ ጎናቸው አይሠራም፤ አንደበታቸውም ተዘግቷል። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሏል። ቤቱ ጸጥ አለ። ለፈተና እንዲህ የሚመች ቤት ጎተራ ውስጥ አይገኝም፤ የሚጣራ የለ፣ ጨው የሚፈልግ የለ። ፍሬሰላም በዚያ ጸጥታ ውስጥ ስታቲስቲክስ ታጠናለች፤ አንድ ገጽ ደጋግማ ታነባለች፣ አይገባትም። የማርያምን ሥዕል ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አላዞረቻትም። ፊቷን ማየት ፈርታለች።

«ፍሬዬ፣ የቀረሽ እኮ ይሄ ብቻ ነው» አላት ዮአብ፣ እንደ ድሮው ሳይስቅ። «ማለቴ... ለእማማ ስትይ ራሱ ጨርሺው። ኪራዩስ? መድኃኒቱስ? ይሄ ካመለጠሽ ለሰኔ ሌላ ቀን የለም።»

እውነቱን ነው፤ እሷም ጠፍቷት አይደለም። ሉሊን እናቷን እንድትጠብቅላት ለመነቻት። ቅዳሜ ጠዋት ሉሊ ሳሎን ውስጥ ወይዘሮ ጦቢያን ሾርባ ልታጎርስ ተቀመጠች፤ ፍሬሰላም ክፍሏን ዘግታ ግድግዳውን አሳየች፣ የጠረጴዛውን ሥር አሳየች፣ ጀመረች።

ፈተናው አልከበዳትም። ይህ ነው የሚገርመው፤ እጇ በራሱ ይመልስ ነበር። ወደ መጨረሻው ግድም ስትደርስ ከሳሎን አንድ ነገር ወድቆ ቅጭል አለ። ትንሽ ድምፅ ናት።

«አቤት!» አለች ፍሬሰላም።

አሁን ያለው አፏ ብቻ አልነበረም። ወንበሯን ገፍታ ተነሣች፤ በሩን ከፍታ ወጣች።

«ማንም አልጠራሽም እኮ!» አለች ሉሊ ደንግጣ። «ማንኪያ ነው ያመለጠኝ። ኧረ ተመለሺ፣ ተመለሺ!»

ከክፍሉ ውስጥ ተቆጣጣሪው ከማን ጋር ነው የምታወሪው እያለ ነው። ወይዘሮ ጦቢያ ልጃቸውን አዩ፣ የተከፈተውን በር አዩ፤ ቀረብ ስትላቸው ደህናውን እጃቸውን አንሥተው ወደ ክፍሉ ገፏት። ግቢ፣ ግቢ ማለታቸው ነው። ፍሬሰላም አልገባችም። እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«ተጣርታ ነበር» አለች ለሉሊ። «ያን ቀን ጠርታኛለች። ሰምቻታለሁ።»

ሉሊ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ማንኪያ አነሣች። ከክፍሉ የሚመጣው ድምፅ ጥቂት ቆይቶ ተቋረጠ።

«አቤት እማዬ» አለች ፍሬሰላም።

የወይዘሮ ጦቢያ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።