የንፋስ በር

መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ባዶ እንስራ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚስል ይመስል ነበር። ላምዱዋን በባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የወጌሾች ቤት ትራስ ከምታራግፍበት ቀና ስትል አንድ መንገደኛ ማንም ሳይጠራው ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል።

«ባቡሬ ሊደርስ ነው። እግሬን ብቻ፣ ቶሎ በይ እህቴ።»

ወደ እግሩ ጎንበስ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አስቀድማ መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ለሙያው አባት፣ ለጥንቱ መምህር እጅ ትነሳ ነበር። እጅ ሳይነሳ ሥራ የሚጀምር ወጌሻ የታማሚውን ደዌ ይረከባል ይባላል። ዛሬ የሰውየው ጥድፊያ አስረሳት።

አጠገቧ የአንዲት ወፍራም ሴት ትከሻ የምታሸው እትዬ ሳንግዊያን አይታታለች።

«ምነው፣ ጎረምሳ ስታዪ መምህሩ ይጠፋብሻል?»

«የቱ ጎረምሳ? ኧረ እትዬ፣ ሽበቱ ከርስዎም ይብሳል!»

ወፍራሟ ሴት በሳቅ ተንፈቀፈቀች። ሰውየው ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ላምዱዋን ከውስጥ እግሩ ጀምራ እየተጫነች ወደ ላይ ወጣች። ጭኑ ከዳሌው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ወጌሾች የንፋስ በር የሚሉት የደም ሥር አለ። በመዳፍ ተጭነው ደሙን ያግዱታል፤ ሲለቁት ሙቀት እስከ ጣት ጫፍ ይወርዳል፤ ስንቱ መንገደኛ እዚያ ላይ «እፎይ!» ብሏል። ተጫነች። ከመዳፏ ሥር የሚመታ ነገር የለም። ሌላውን እግር ሞከረች። እሱም ዝም። ሰውየው ዐይኑን ያርገበግባል።

ደንግጣ ለቀቀችው። ያን ጊዜ የጉድጓድ ውሃ የመሰለ ቅዝቃዜ ከአውራ ጣቷ ተነስቶ እስከ ክርኗ ወጣ። ጣቶቿን ልትጨብጥ ብትል እምቢ አሏት።

እናቷ ትዝ አለቻት። ሽባ የሆነው የእናቷ እግር በየማታው እየታሸ ገና ትናንት ነው መነቃነቅ የጀመረው። በዚህ እጅ እንዴት ትነካታለች?

እትዬ ሳንግዊያን መጥታ እጇን ዳሰሰች። ፊቷ ተለወጠ። «በአፉ ይናገር» ብላ አንሾካሾከች። «ደዌው የት እንደያዘው ከተናገረ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ሳይናገር እንዳይወጣ!» ብላም ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

ላምዱዋን ተንበረከከች። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር የት ነው የያዘዎት?»

ሰውየው ተነስቶ ተቀመጠ። የእግሩን ጣቶች እንደ ሕፃን አንድ በአንድ አንቀሳቀሳቸው። አመድ የመሰለው ቆዳው እያየችው ቀላ።

«እባክዎ ይንገሩኝ! ማታ እናቴን የማሸው በነዚህ ነው!»

እጆቿን ትክ ብሎ አያቸው። ከንፈሩ ተላቀቀ፤ መልሶ ገጠመው። ብድግ ብሎ ወደ በሩ አመራ።

«እትዬ፣ ይያዙት!»

እትዬ ሳንግዊያን እጅጌውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ከዚያ የራሷን ጣቶች አየችና ሰበሰበቻቸው። ከበሩ ዘወር አለችለት።

አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።