ቀለሟ ሳይወጣ

«አንተ ዬይሰን፣ የዝንቧ ቀለም ሳይወጣ ነው የለየሃት?» ብዬ ጮህኩበት።

ሙዝ በሚለማበት በኡራባ ክልል ለፖሊስ ምልምሎች ሬሳ ላይ የሚገኝ ዝንብ መለየት አስተምራለሁ። ኤሊዬሰር የሚባል ወጣት አንድ የሙዝ እርሻ ቦይ ውስጥ በገጀራ ተቆራርጦ ሞቶ ተገኘ። ከቁስሉ ያወጣናቸውን ትሎች ብልቃጥ ውስጥ አሳደግናቸው፤ ትናንት ዝንብ ሆኑ። ምልምሉ ዬይሰን በመለያ ቁልፉ፣ ማለትም ዝንቧን በመልኳ ደረጃ በደረጃ በሚለየው ዝርዝር፣ እየተመራ «የፊቷ ፀጉር ነጣ ያለ ነው» አለና በድን የምትበላዋ ዝንብ ላይ ደረሰ፤ ትሎቹ የገቡበት ከሞተ በኋላ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሮጦ ሄዶ ለሟቹ እናት «ወዲያው ነው የሞተው፤ አልተሰቃየም» አላቸው።

ገና የተፈለፈለች ዝንብ ሁሉ ነጣ ያለች ናት፤ ይሄን ስንቴ ነገርኩት!

ዛሬ ጠዋት አንገቱን ይዤ ማይክሮስኮፑ ላይ ደፋሁት።

«አንብብ!»

«ፀጉሯ… ጥቁር ነው።»

«ቁልፉ ወዴት ይልክሃል?»

«ሕይወት ያለው ሥጋ ብቻ ወደምትበላዋ።» ከማይክሮስኮፑ ቀና አለ። «ትሎቹ እኮ ትልልቅ ነበሩ። ታዲያ ስንት ቀን በቁሙ በሉት?»

በሩ ተንኳኳ። እናትየው ዶኛ ኡባልዲና ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልለው ገቡ።

«እንካ ልጄ፣ ላንተ ነው የጋገርኩት» አሉት። «ያቺን ቃል እስቲ ድገምልኝ። ትናንት እንቅልፍ የወሰደኝ በእሷ ነው።»